ያበጠ ጥርስ፦ ዛሬውኑ ይነቀል ወይስ መጀመሪያ አሞክሲሲሊን?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ በየቤታችን የገባ ነው። ጥርስ ያማል፣ ጉንጭ ያብጣል፣ ሰው ክሊኒክ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ «አሁን አብጧል፣ መርፌው አይሠራም። አሞክሲሲሊን ልዘዝልህ፣ እብጠቱ ሲወርድ ትመጣለህ።» ሰውየው መድኃኒቱን ይውጣል፣ ሕመሙ ጋብ ይላል፣ ሳይመለስ ይቀራል። ከወራት በኋላ ያው ጥርስ ብሶበት ይነሳል።

በሌላ በኩል ባበጠበት ተወግቶ፣ ሳይደነዝዝለት ተነቅሎ፣ ዳግመኛ የጥርስ ሐኪም ደጅ አልረግጥም ያለ ሰው ሞልቷል። እኔ በዚያው ቀን ይሠራ ባይ ነኝ። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ በነፃነት ጻፉ። የታከማችሁበትን ቦታ ስም ግን አትጥሩ።

የጥርስ ሐኪም፣ ሐዋሳ
«መርፌው አይሠራም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ማደንዘዣው፣ ማለትም ሊዶኬይን፣ ሲሰጥ ነርቩ ውስጥ ዘልቆ መግባት የሚችለው ኤሌክትሪክ ያልተሸከመው ክፍሉ ብቻ ነው። ጤነኛ ሥጋ ውስጥ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4 ላይ፣ ይህ ክፍል ሩብ ገደማ ይሆናል። መግል የቋጠረ ሥጋ ግን አሲድ ይበዛበታል። ፒኤቹ ወደ 6 ከወረደ የሚገባው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ላይ የሚወጋ ሰው መድኃኒቱን በከንቱ ያፈሳል። የተወጠረ ሥጋ ውስጥ ፈሳሽ መጨመሩ ራሱ ደግሞ ያስጮኻል።

ግን እብጠቱ ላይ ውጉ ያለን ማን ነው? ነርቩን ከሩቅ መያዝ ይቻላል። ብሎክ የምንለው ይህንን ነው። የታችኛው መንጋጋ ነርቭ ወደ አጥንቱ የሚገባው ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ፣ በአጥንቱ የውስጥ ገጽ ባለች ቀዳዳ ነው። ረጅሙ መርፌ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይገባል። አጥንት ሲነካ ትንሽ መለስ ይደረጋል። ከዚያ የመርፌው መግፊያ ወደ ኋላ ይሳባል። ደም ከመጣ ደም ሥር ውስጥ ነን፣ ቦታ እንቀይራለን። ካልመጣ በዝግታ፣ ከአንድ ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይሰጣል። የሚወጋው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ለላይኛው መንጋጋም ከዓይን በታች ባለችው ቀዳዳ ወይም ከኋለኛው የመንጋጋ ጉብታ በኩል ነርቩን መያዝ ይቻላል። ዘዴው የትናንት አይደለም። ሃልስተድና ሆል የታችኛውን ነርቭ በኮኬይን ያደነዘዙት በ1884 እ.ኤ.አ. ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። የሞተ ጥርስ ውስጥ የደም ዝውውር የለም። የተዋጠ አንቲባዮቲክ በደም ካልሄደ እዚያ አይደርስም። ምንጩ እዚያው ተቀምጦ እብጠቱን ብቻ ማብረድ ጊዜ መግዛት ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥርሱን ማከም በሚቻልበት ጊዜ ለአብዛኛው የጥርስ ሕመምና የአካባቢ እብጠት አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ መክሯል። ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ እየተስፋፋ ከሆነ ይታዘዛል። ያን ጊዜም ጥርሱን ከማከም ጋር እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት
ዶክተር፣ ሲያወሩት ቀላል ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ወጉኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ምላሴም እንደዚያው። «ከንፈርሽ ከደነዘዘ ጥርሱም ደንዝዟል» አሉኝ። ጉጠቱ ሲነካው ግን ከወንበሩ ተነሣሁ። እንደገና ወጉ፣ እንደገና ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ «ቻይው፣ አለቀ» እያሉ ነቀሉት። ልጄ በር ላይ ቆሞ ጩኸቴን ሰምቷል። ዛሬም ጥርሱን ለማሳየት እሺ አይልም።

ሌላኛው ጥርሴ ሲያመኝ አንድ ሌላ ሐኪም አምስት ቀን መድኃኒት ሰጥቶኝ በኋላ ነቀለው። መርፌዋን እንኳ በደንብ አልሰማኋትም። ታዲያ ለምንድን ነው የማልጠብቀው?

የጥርስ ሐኪም፣ ሐዋሳ
እህቴ፣ ያንቺን ታሪክ አላጣጥለውም። ሁለተኛው መርፌ እንዳልያዘ ሲታወቅ ሐኪሙ ማቆም ነበረበት። «ቻይው» የሕክምና ቃል አይደለም።

ከንፈር መደንዘዙ መርፌው ቦታውን እንዳገኘ ይነግረናል። ጥርሱ መደንዘዙን አያረጋግጥም። ሌሊት አላስተኛ የሚለው ጥርስ ብዙ ጊዜ ገና አልሞተም። ውስጡ ያለው ነርቭ ተቆጥቷል፣ ባሕርዩም ተለውጧል። ብሎኩ በትክክል ቢሰጥም እምቢ የሚለው ይኼኛው ነው። እኛ ትኩስ ጥርስ እንለዋለን። ሞቶ መግል የቋጠረው በዚህ በኩል ይሻላል።

ለትኩሱ ጥርስ ተጨማሪ ዘዴ አለ። በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ባለው ጅማት ውስጥ በቀጭን መርፌ በግፊት መስጠት አንዱ ነው። ለታችኛው መንጋጋ ጥርስ ደግሞ የጉንጭ በኩሉን ድድ የሚያገለግል ሌላ ነርቭ ስላለ ለብቻው ይወጋል። ይህቺ ስትረሳ ሰው ይጮኻል። ከመነቀሉ በፊት በሹል መሣሪያ ድዱን ዙሪያውን ነክቶ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሲስተር፣ ከወረዳ ጤና ጣቢያ
ዶክተር የሚጽፉትን አከብራለሁ። የሚጽፉት ግን ካርትሪጅ (ማደንዘዣ የተሞላ ትንሽ ቱቦ)፣ ረጅም መርፌ፣ ራጅና ጊዜ ካለበት ቦታ ሆነው ነው። እኔ ያለሁበት የሚመጣልን ሊዶኬይን በብልቃጥ ነው። ማደንዘዣውን የሚያቆየው አድሬናሊን የለውም። አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን የጥርሱን ውስጥ የሚይዘው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። እስኪይዝ ስጠብቅ፣ ድዱን ስለይ፣ ጊዜው ያልቃል። ሥሩ ከተሰበረ ደግሞ ሰውየው ሕመሙን ሁሉ ይሰማዋል።

ውጭ ወረፋው እስከ አጥሩ ነው። ራጅ የለንም። ከሩቅ ገጠር በእግሩ የመጣ ሰው አለ። ይህን ሁሉ ይዤ ያበጠ ጥርስ ነክቼ ሰው ከማሰቃይ መድኃኒት ሰጥቼ ሆስፒታል ብልክ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? «ዛሬውኑ» የሚለው ቃል ከተማ ላለ ሰው ነው።

ፋርማሲስት፣ አዲስ አበባ
ሲስተር፣ ጥፋቱ ምን ላይ እንደሆነ እኔ ልንገርዎት። እርስዎ ያዘዙት አንድ ጊዜ ነው። ሰውየው ግን ስሙን ያስታውሰዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያመው ወደ እርስዎ አይመጣም፣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «ለጥርስ የሚሆን አሞክሲሲሊን፣ አንድ ቅጠል ብቻ» ይለኛል። ማዘዣ አምጣ ስለው ይቆጣና ቀጣዩ በር ይገባል። እዚያ ይሸጡለታል። ሁለት ቀን ውጦ ሲሻለው የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤትየው ለጉሮሮው ይወስደዋል።

ነገ ልጁ የሳንባ ምች ሲይዘው የሚፈልገው ያንኑ መድኃኒት ነው። ጀርሙ ተለማምዶት ከጠበቀው ምን ሊሰጠው ነው? እኔ ይሄ ያንገበግበኛል። የጥርስ ሕመም መድኃኒቱ ጉጠትና መርፌ ነው። እኛ ግን በየሱቁ አንቲባዮቲክ አድርገነዋል።

ዮናስ ዘ ፒያሳ
ይቅርታ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን አያቴ ያበጠ ጥርስ ከተነቀለ መግሉ ወደ አንጎል ይወጣል፣ ሰው ይሞታል ትለን ነበር። ቤተሰባችን ውስጥ ሰው ሁሉ ይሄንን ያምናል። ውሸት ነው?

አንጋፋ የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም
ዮናስ፣ አያትህ ፍርሃታቸው ከባዶ አልመጣም። የጥርስ መግል ሰው ይገድላል። የሚገድለው ግን በመነቀሉ ሳይሆን ባለመነቀሉ ነው። መግል መውጫ ሲያጣ በሥጋ መካከል እየሰነጠቀ ይሄዳል። ሕመምተኞቹ ወደ እኔ ሲደርሱ ብዙዎቹ መድኃኒት ሲቀያይሩ ሰንብተው ነው። ጥርሱን ነቅሎ መግሉን ማፍሰስ ማለት በር መክፈት ነው።

አሁን ለሁላችሁም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እብጠቱ ከአገጭ በታች በሁለቱም በኩል ከጠነከረ፣ ምላስ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከታፈነ፣ ክርክሩን ተዉትና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሩጡ። የጀርመኑ ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው በሽታ ነው። የሚገድለው የአየር መንገድ ዘግቶ ነው። ያ ሰው በክሊኒክ ወንበር ላይ የሚነካ አይደለም።

ከዚህ በመለስ ያለውን ግን ዛሬ መሥራት ይቻላል። «አፉ አይከፈትም» የሚለው ምክንያትም ሁልጊዜ አያሳምነኝም። አፉ ለተቆለፈ ሰው የሚሆን ብሎክ አለ። ናይጄሪያዊው አኪኖሲ በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ሰውየው ጥርሱን ገጥሞ፣ መርፌው በላይኛው መንጋጋ ድድ ትይዩ በጉንጩ የውስጥ በኩል ይገባል። አጥንት አይነካም፣ ስለዚህ ጥልቀቱን በልምድ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን የሰጠን የአፍሪካ ሰው ነው፣ የእኛም ልጆች ሊማሩት ይገባል። ወጣት ሐኪሞች ዘንድ የማየው ችግር የማደንዘዣ እጥረት ብቻ አይደለም። ተማሪ ቤት የተማሩትን አንድ ብሎክ ይዘው ያ ሲከሽፍ ሁለተኛ መንገድ አለማወቃቸው ነው። ባልታመመ ጥርስ ላይ እንኳ የተለመደው ብሎክ ከመቶ ከ15 እስከ 20 ጊዜ አይሳካም። ሁለተኛ መንገድ የሌለው ሰው ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ወይ ያሰቃያል፣ ወይ አሞክሲሲሊን ይጽፋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኛ አሜሪካ ያለነውም ከዚህ አላመለጥንም። የጥርስ ኢንሹራንስ የሌለው ሐበሻ ሌሊት ፊቱ ሲያብጥ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። እዚያ የጥርስ ሐኪም የለም። አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ጽፈው «ጥርስ ሐኪምህን አግኝ» ብለው ይሸኙታል። ጥርሱ እዚያው አለ። በኋላ የድንገተኛ ክፍሉ ሂሳብ ይመጣል፣ ከማስነቀያው ይበልጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የሀብታምና የድሃ አገር ብቻ አይመስለኝም። መርፌና ጉጠት የያዘው ሰው የት ነው ያለው የሚለው ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ጋሼ ቀዶ ሐኪሙ፣ እናቴ የደም ግፊት አለባት። ማደንዘዣው ጉዳት ያደርስባታል ብለው ሁለት ጊዜ መለሷት። እሷስ ምን ታድርግ?

አንጋፋ የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም
ልጄ፣ ግፊታቸው በመድኃኒት የተያዘ ከሆነ መመለስ አልነበረባቸውም። የሚፈራው አድሬናሊኑ ነው። ለልብ ሕመምተኛ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ገደብ በአንድ ቀጠሮ 40 ማይክሮግራም ነው። አድሬናሊኑ 1 ለ100,000 የሆነው አንድ ካርትሪጅ 18 ማይክሮግራም ይይዛል። ሁለት ካርትሪጅ ይፈቀዳል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ተስቦ፣ በዝግታ። በደንብ ያልደነዘዘ ሰው በሕመም ጊዜ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው አድሬናሊን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ግፊታቸው 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። በሄዱበት ሁሉ ይለኩ።

ሲስተር፣ ከወረዳ ጤና ጣቢያ
ፋርማሲስቱ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አንዱ ቅጠል ያሉት እውነት ነው፣ እኛም ጋ ያው ነው። ጋሼ እንዳሉትም ብሎክ የተማርኩት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ወይም ያረመኝ የለም።

ግን አሁንም አልተስማማሁም። ሞቶ መግል የቋጠረ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ከሆነ በብሎክ ዛሬውኑ እነቅላለሁ። መግሉ ድዱ ላይ አብጦ ከለሰለሰም አፈስሰዋለሁ። የታችኛውን መንጋጋ ትኩስ ጥርስ ግን አድሬናሊን በሌለው ብልቃጥ አልነካም። ማስታገሻ ሰጥቼ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እጽፋለሁ። ትኩሳት ከሌለው አሞክሲሲሊኑን አላዝም። ይህን ያህል ከክርክሩ ወስጃለሁ።

የጥርስ ሐኪም፣ ሐዋሳ
ሲስተር፣ ይህ እኔም የምፈርምበት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከብልቃጥ ሲስቡ መጠኑን ይቁጠሩ። 2 በመቶ ሊዶኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም አለው። አድሬናሊን ለሌለው ከ4.4 ሚሊግራም በኪሎ አይለፉ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 220 ሚሊግራም፣ ማለትም 11 ሚሊ ሊትር ነው። 15 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ግን ከ3 ሚሊ ሊትር ትንሽ ብቻ ይበልጣል። አልያዘም እየተባለ የሚደጋገመው መርፌ አደገኛ የሚሆነው ሕፃን ላይ ነው። ደግነቱ የሕፃን አጥንት ስስ ስለሆነ ለታችኛው የወተት ጥርስ ብዙ ጊዜ ብሎክ ሳያስፈልግ ድዱ ላይ የሚሰጠው ይበቃል።

ሲስተር፣ ከወረዳ ጤና ጣቢያ
የሕፃኑን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው የመድኃኒት ጥያቄያችን አድሬናሊን ያለው ካርትሪጅና ረጅም መርፌ ብዬ እጽፋለሁ። እዚህ ቡድን ውስጥ በወረዳ ወይም በዞን ጤና መምሪያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ጥያቄው ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ «ለጤና ጣቢያ አያስፈልግም» ብላችሁ አትመልሱት።