ጅማ ዙሪያ መኪና የማይበዛበት የፒስታ መንገድ ለሳይክል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የአንድ ልጅ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። እኔና የ14 ዓመት ልጄ ከፋሲካ ወዲህ ሳይክል መንዳት ጀምረናል። ሁለቱም ያገለገሉ ማውንቴን ሳይክሎች ናቸው፤ ጎማቸው 26 በ1.95፣ ማርሻቸው ደህና ይሠራል። እስካሁን የምንነዳው የአስፋልቱን ዳር ይዘን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አጋሮ መውጫው ላይ አንድ አይሱዙ ሲቀድመን የልጄን መሪ ለጥቂት ሳተው። ልጁ ደንግጦ ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ደህና ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ሳይክሎቹን ልሽጣቸው ስል «እማ፣ መንገድ እንቀይር እንጂ ሳይክሉ ምን አጠፋ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

የምፈልገው መኪና የሌለበት ወይም እጅግ የሚያንስበት፣ ጫካ ያለበት፣ ቢቻል የድሮ ታሪክ የሚታይበት መንገድ ነው። አንድ የግማሽ ቀን፣ አንድ ደግሞ ሙሉ ቀን የሚወስድ። አሁን ጥቅምት እየተገባደደ ነው፤ ጭቃው እስኪደርቅ እንጠብቅ ወይ? ለኮረኮንች ጎማው ምን ያህል ይነፋ? ሴትና ልጅ ብቻችንን ብንሄድስ ምን ትላላችሁ?

ኮረኮንች ወዳድ

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ተረፈልሽ። ሳይክሎቹን አትሽጪ፤ ልጁ እውነቱን ነው።

ለሳይክል ብቻ ተብሎ የተሠራ የገጠር መንገድ በእኛ ዙሪያ የለም። ባዶ መንገድ የሚገኘው ሰዓትና ቀን በመምረጥ ነው። የገጠር ፒስታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ የእግረኛና የአህያ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩና ባጃጁ ይነሣል። ሐሙስን ጨርሶ ተዪው። እዚሁ ጅማ ያለው የሂርማታ ታላቁ ገበያ ከንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ነው፤ በዚያን ቀን ወደ ከተማው የሚገባው ፒስታ ሁሉ ሰውና ጭነት ነው።

ለግማሽ ቀኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ጋራ፣ ጂሬንን፣ እመርጥልሻለሁ። ከከተማው እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገት ስለሆነ ቀላሉን ማርሽ ይዛችሁ ሳትቸኩሉ ውጡ። ብዙ ሰው ቤተ መንግሥቱን አይቶ በመጣበት ይመለሳል። እናንተ ግን አልፋችሁ ከጋራው ጀርባ ወዳለው ገጠር ግቡ። እዚያ ግራና ቀኙ ቡናና እንሰት ነው፤ ዋንዛውና ሰሳው ከላይ ጥላ ይሰጣል። ደስ ያላችሁን ያህል ሄዳችሁ ተመለሱ፤ መመለሻው ቁልቁለት ነው።

ስለ ጭቃው፦ ቀዩ አፈራችን ሲርስ ጎማና ፍሬን መሃል ገብቶ ይጠቀጠቅና ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል። ዝናብ ከጣለ ሁለት ፀሐያማ ቀን ጠብቂ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ዋናዎቹ ወራት ናቸው።

የጂሬን ሰው

ልጄ፣ ኮረኮንች ወዳድ ያለው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እሑድና በዓል ቀን የቤተ መንግሥቱ መንገድ ጎብኚ ይበዛበታል። ቅዳሜ በማለዳ ውጡ።

ልጅሽ ታሪክ ከወደደ ይህን ንገሪው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ከዚያ ጋራ ላይ ነው። ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው እንጨት ነው፤ ሰገነቱ ላይ ያለውን የእንጨት ሥራ ቀስ ብሎ ይመልከተው። ከዚያ ወደ ታች ይይ። ሜዳውና ገበያው ከፊቱ ይዘረጋል። ከከፋ ወደ ሰሜን፣ እስከ ጎጃም የሚዘልቀው ሲራራ ነጋዴ ቡናና ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስም ጭኖ በዚህ አገር ያልፍ ነበር። ባሪያም ይነዳ ነበር፤ ይህንንም ልጁ ይወቀው፤ አይደበቅ። የጅማ መንግሥት በድንበሩ ላይ ቦይ ያስቆፍርና ኬላ ያቆም ነበር፤ ነጋዴውም ያለ ኬላ ጠባቂው ፈቃድ አይገባም። ዛሬ እናንተ ሳይክል የምትነዱበት የጋራ መንገድ ሰው በእግሩና በበቅሎ ሲመላለስበት የኖረ ነው። ዳገቱ ቢከብደው ጭነት ተሸክሞ የወጣውን ሰው ያስብ።

ቤተ መንግሥቱ አጠገብ መስጊድ አለ። በሶላት ሰዓት ከሳይክል ወርዳችሁ በጸጥታ እለፉ።

የሸቤ ልጅ

ለሙሉ ቀኑ በለጠ ጫካ ኑልን! ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው አስፋልት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አስፋልቱን በሳይክል አትምጡበት፤ መታጠፊያው ብዙ፣ የጭነት መኪናውም ፈጣን ነው። ሳይክሎቹን በጠዋት መኪና ጣሪያ ላይ አስጭናችሁ ሸቤ ውረዱ፤ ከዚያ ወደ ጫካው በሚገባው ፒስታ ንዱ።

በለጠና ጌራ አንድ ላይ የተያያዘ ትልቅ የተፈጥሮ ደን ነው፤ ቡናው ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ፤ ቀረሮው ቀና ብለው ሲያዩት አንገት ያሳምማል። ነገር ግን ጫካው ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በየመንደሩ ዋቡብ የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ ደኑን የሚጠብቁትም የጫካውን ቡና የሚለቅሙትም አባላቱ ናቸው። መጀመሪያ መንደሩ ገብታችሁ ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ፤ አንድ ወጣት ቢመራችሁ ደግሞ የድካሙን ክፈሉት። አሁን የለቀማ ወቅት ስለሆነ ሳያስታውቅ ጫካ ውስጥ የሚዞር እንግዳ ያሳስባቸዋል። እሸት ቡና ከዛፍ አትቅጠፉ። መንገድ ዳር ሸራ ላይ በተሰጣ ጀንፈል ላይም ጎማ እንዳታሳርፉ፤ የሰው የዓመት ገቢ ነው።

ጎሚስታ ከመርካቶ

ስለ ጎማው እኔ ልመልስ። ለአስፋልት እንደምትነፉት አድርቃችሁ አትንፉ። ጎማው ሲደርቅ ጠጠሩ ላይ ይዘላል፣ ቁልቁለት ላይም ይንሸራተታል። ክብደትዎ 60 ኪሎ ገደማ ከሆነ የኋላውን 35፣ የፊቱን 32 ፒኤስአይ (ፓምፑ መለኪያ ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት) ያድርጉት፤ ለልጁ ከ28 እስከ 30 ይበቃዋል። ከዚህ በጣም ካወረዱት ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው፣ ማለትም አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ በቸርኬው ይነከስና ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያወጣል። መለኪያ ከሌለዎት ጎማውን በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ ሊል ይገባል፤ እንደ ድንጋይ አይሁን።

የፍሬኑን ላስቲክ ሳያዩ ጂሬን አይውጡ። ቀዩ ጭቃ እንደ ሞረድ ነው፤ ላስቲኩን ቶሎ ይበላዋል። ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ይቀይሩ። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ ይውረዱ፤ የፊቱን ብቻ ጨብጠው እንዳይዙ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያና የእጅ ፓምፕ ይያዙ። ገጠር ውስጥ የሞተር ጎማ የሚለጥፍ ይገኛል፤ የ26 ከመነዳሪ ግን አያገኙም።

የቦዬ ጎረቤት

ዳገት የማይሻ ካለ የቦዬ ረግረግ ዙሪያ አለ፤ ሜዳ ነው፣ ወፉም ብዙ ነው። ግን ጉማሬ አለበት። ማለዳና ምሽት ከውሃው ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ በእነዚያ ሰዓቶች ወደ ውሃው ዳር አትጠጉ። ከልጅ ጋር ከሆነ እኔ ጂሬንን አስቀድማለሁ።

ሴትም ትነዳለች

እህቴ፣ ብቻችንን ብንሄድስ ላልሽው፦ እኔ ለሦስት ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነድቻለሁ። ሰው ያይሻል፤ ልጆች እየጮኹ ይከተሉሻል፤ ሌላ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። የረዳኝ ሰላምታ ነው። ከሩቅ ፍጥነትሽን ቀንሺና በኦሮምኛ «አካም ቡልታኒ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ በዪ፤ ፊቱ ሁሉ ይፈታል። መንገድ ሲጠፋሽ «ካራን ኩን ኤሳ ጌሳ?»፣ ይህ መንገድ የት ያደርሳል፣ ብለሽ ጠይቂ። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ የማያውቀውን እረኛው ያውቀዋል።

ውሻ ሲመጣ ለማምለጥ አትሞክሩ። ውረዱና ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ በእግር እለፉ። የምትሄዱበትን ለአንድ ሰው ተናገሪ፤ ከ11 ሰዓት በፊትም ከተማ ግቡ፤ ሲመሽ ጅብ አለ።

የአንድ ልጅ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የጂሬን ሰው፣ ቃልዎን ለልጄ አንብቤለታለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ሄድን። 12 ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። ልጄ መኪና ቆጠረ፦ እስከ ቤተ መንግሥቱ ሁለት ባጃጅና አንድ ሞተር፤ ከዚያ አልፈን ገጠር ከገባን በኋላ እስከ 3 ሰዓት አንድም የለም። እኔ ሁለቴ ወርጄ ገፋሁ፤ እሱ ሳይወርድ ወጣው። ሰገነቱ ላይ ቆሞ ነጋዴዎቹ በየት በኩል ይመጡ እንደነበር በጣቱ ሲፈልግ ቆየ። ስለ ባሪያ ንግዱም ጠየቀኝ፤ መንገዱን ሙሉ እሱን ስናወራ ተመለስን።

ከጋራው ጀርባ ጥላ ያለበት ቦታ ገና አልደረቀም ነበርና የልጄ የኋላ ጎማ በጭቃ ተቆለፈ። አንድ ሽማግሌ እንጨት ቆርጠው አብረውን ፋቁት፤ ቡናም ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉን። ጎሚስታ፣ የኔ የፊት ፍሬን ላስቲክ እንዳሉት አልቆ ነበር፤ ዓርብ ማታ አስቀየርኩት። እሱን ይዤ ያን ቁልቁለት ብወርድ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

የሸቤ ልጅ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንመጣለን። ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ሲጫን እንዳይጎዳ ምን እናድርግ?

የሸቤ ልጅ

እንኳን ደህና መጣችሁ፤ መንደር ላይ ቀድሜ እነግራለሁ። ፔዳሎቹን ፈታችሁ በቦርሳ ያዙ፤ ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፤ ከሥሩ ጆንያ ይነጠፍለት፤ ገመዱም ሽቦዎቹን ሳይሆን ቦዲውን ይያዝ። ደግሞ አስተውሉ፦ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ ነው፣ የሰዓት ቆጣሪ ወደሚዞርበት አቅጣጫ። በኃይል በሌላው በኩል ካዞራችሁት ይብሱን ይጠብቃል።