ደሴ፦ የማይግሬን ክኒኔ አልሠራ ብሎኛል፤ ከእርሱ የሚበረታ ምን አለ?

ጠያቂ (ሰኞ ገበያ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የቆየ ማይግሬን አለብኝ፤ ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ግራውን በኩል እየወቀረኝ ብርሃን ማየት ተስኖኛል። የለመድኩት ክኒን ቀድሞ በአንድ ፍሬ ያስታግስልኝ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ወስጄም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ፒያሳ ያለው መድኃኒት ቤት ደግሞ ክኒኑ አልቋል አለኝ። ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ሥራ መግባት ስላለብኝ፣ ጠንከር ያለውን የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የቶሳ ሥር ሰው፦
እህቴ፣ ነገሩን ከመሠረቱ ማየት ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በየቀኑ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ተራራ እየወጡና እየወረዱ ራስ አይታመምም ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ መፍትሔው መድኃኒት ሳይሆን ቤት መቀየር ነው።

ሾፌሩ፦
ጥፋቱ የሐረጎ ቢሆን ኖሮ የኮምቦልቻ መስመር ሾፌሮች ሁላችንም ራሳችንን በሻሽ አስረን በነዳን ነበር።

እቴቴ፦
አብሽሪ ልጄ። ዳማከሴ ጨምቀሽ በቡና ጠጪበት፤ ተሸፋፍነሽም ተኚ።

መድኃኒት ቀማሚ (ኮምቦልቻ)፦
የክኒኑን ስምም ሆነ በወር ስንት ቀን እንደምትወስጂው አልጻፍሽም። እርሱን ሳናውቅ ሌላ መድኃኒት መጠቆም ተገቢ አይደለም።

ጠያቂ፦
ኤርጎታሚንና ካፌይን ያለበት ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ፓራሲታሞል እወስዳለሁ። ከመስቀል ወዲህ ያልወሰድኩበት ቀን ጥቂት ነው። ግን ስለሚያመኝ እወስዳለሁ እንጂ ስለምወስድ አያመኝም!

መድኃኒት ቀማሚ (ኮምቦልቻ)፦
ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ቀድሞውንም ራስ ምታት ያለበት ሰው ከ3 ወር በላይ ማስታገሻ ሲያዘወትር አንጎሉ ለሕመም ይበልጥ ንቁ እየሆነ ይሄዳል፤ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን ማመም ከጀመረው፣ ማስታገሻው ራሱ የራስ ምታቱ መንስኤ ሆኗል ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። ገደቡ ለኤርጎታሚን፣ ለትሪፕታኖች (ለማይግሬን ለሚሰጡት መድኃኒቶች)፣ ብርቱ ማስታገሻ ለሆነው ለትራማዶልና ከአንድ በላይ መድኃኒት ለተቀላቀለባቸው ማስታገሻዎች በወር 10 ቀን ነው፤ ለብቻው ለሚወሰድ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን 15 ቀን ነው። የሚቆጠረው የተወሰደበት ቀን ነውና፣ በየቀኑ አንዲት ፍሬ ብቻ የሚወስድ ሰውም ከገደቡ ያልፋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚበረታ ክኒን አትፈልጊ። ኤርጎታሚን የደም ሥርን ስለሚያጠብ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም፤ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች ጋር መውሰዱ ደግሞ አደገኛ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ይህንኑ ንገሪው። ማስታገሻው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ትራማዶል ሲሆን ግን ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣትም ይኖራል፤ ይህ በአመዛኙ ከ2 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ክኒኑ የሚመለሱት በእነዚህ ቀናት ነውና ከሥራሽ ፈቃድ ብትጠይቂ ይሻላል። ሐኪሙ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ፣ ማይግሬኑ እንዳይነሣ የሚወሰድ መከላከያ ሊያዝልሽ ይችላል። አስም ካለብሽ ሳትጠየቂም ተናገሪ፤ ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ አይሰጥም።

እቴቴ፦
ዳማከሴውን ሞከርሽው ወይ?

የቡና ሱሰኛ፦
በረመዷን የመጀመሪያ ቀናት ከቀትር በኋላ ራሳችንን የሚፈልጠን እኛ ቡና ጠጪዎችም በዚሁ ሕግ እንዳኛለን ማለት ነው? ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱንም ካልጠጣሁ እኔ ሰው አይደለሁም።

መድኃኒት ቀማሚ (ኮምቦልቻ)፦
ያ ካፌይን ሲቋረጥ የሚመጣ ራስ ምታት ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። የጠያቂዋ ክኒን ግን ካፌይን ስላለበት፣ ክኒኑን ስታቆም ይህም ሊደረብባት ይችላል።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሕመሙ እንደ መብረቅ ድንገት ከመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ከታየበት፣ ወይም እጅና እግር ከዛለና አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የቶሳ ሥር ሰው፦
እኔ አሁንም ከፍታው ነው እላለሁ።

የመናፈሻ ልጅ፦
ጠያቂዋ ዝም ስላለች የእኔን ልጠይቅ። እናቴ ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ ትውጣለች፤ ራሷን አሟት አያውቅም። እርሷንም ይጀምራት ይሆን?

መድኃኒት ቀማሚ (ኮምቦልቻ)፦
የራስ ምታት ችግር ከሌለባቸው በአብዛኛው አይጀምራቸውም። ለእናትህ የሚያሰጋው ጨጓራቸውና ኩላሊታቸው ስለሆነ፣ የደም ግፊታቸውንም ኩላሊታቸውንም አስመርምርላቸው።