የ«አቫታር» ኮሚኮች፦ ከየትኛው ይጀመራል? ጅማ ላይስ እንዴት ሳይሻግቱ ይቀመጣሉ?

የአዌቱ ማዶ፦

ሰላም የጅማ ልጆች። «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» 61ኛው ክፍል ላይ ሲያበቃ ዙኮ እስር ቤት ወርዶ አባቱን «እናቴ የት ናት?» ይለዋል። መልሱ ሳይሰማ ይቋረጣል። ካርቱኑን ያየ ሁሉ ያቺ ጥያቄ ጉሮሮው ላይ እንደቀረች ነው። መልሱ በኮሚኮቹ (በሥዕል ታሪክ መጻሕፍቱ) ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አንዱ ሻጭ «ክፍል 2» ይላል፣ ሌላው «ላይብረሪ»፣ ሌላው «ኦምኒበስ»። ሁሉም ያው ስም አለው፣ ዋጋውና መጠኑ ግን ለየቅል ነው። በየትኛው ቅደም ተከተል ይነበባል? የትኛው እትም ይሻላል? ከአዲስ አበባ እስከዚህ እንዴት ይምጣ? በዚያ ላይ ቤቱ የጭቃ ነው፤ ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ጅሬን ዳገት፦

ከቅደም ተከተሉ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ። ካርቱኑ ያለቀው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2008 ነው። አሳታሚው ዳርክ ሆርስ ከ2012 ጀምሮ ቀጣዩን ታሪክ በስድስት ርእስ አወጣው፤ እያንዳንዱ ርእስ ሦስት ክፍል አለው። ተራቸው ይህ ነው፦ «ዘ ፕሮሚስ»፣ «ዘ ሰርች»፣ «ዘ ሪፍት»፣ «ስሞክ ኤንድ ሻዶው»፣ «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ»፣ መጨረሻ ላይ «ኢምባላንስ»። የመጀመሪያዎቹን አምስቱን የጻፈው ጂን ሉዌን ያንግ ሲሆን ሥዕሉ የጉሪሂሩ ነው፤ ጉሪሂሩ የሁለት ጃፓናውያን ሠዓሊዎች የጋራ ስም ነው። ስድስተኛውን ፌይዝ ኤሪን ሂክስ ጻፈችው፣ ፒተር ዋርትማን ሣለው። መስመሩ ስለሚለወጥ «ኢምባላንስ»ን ስትከፍት የፊቶቹ ቅርጽ እንግዳ ቢሆንብህ አትደናገጥ፣ ትክክለኛው መጽሐፍ ነው።

የእናትየው ጉዳይ «ዘ ሰርች» ውስጥ ነው። ለዚህም ሰው ዘሎ እሱን ይገዛል። አታድርገው። ዙኮ ንጉሥ ከሆነ በኋላ ምን እንደከበደው፣ እስር ቤት ወዳለው አባቱ ለምን መመላለስ እንደጀመረ «ዘ ፕሮሚስ» ነው የሚነግርህ፤ ያን ሳታነብ ሰውየው ለምን እንደተለወጠ አይገባህም። ቶፍ የምትባለው ልጅ ብረትን በኃይል ማንቀሳቀስ የምታስተምርበት ትምህርት ቤትም የሚመጣው እዚያው ነው፣ «ዘ ሪፍት» ደግሞ ተማሪዎቹን ታውቃቸዋለህ ብሎ ይቀጥላል። «ስሞክ ኤንድ ሻዶው» ያለ «ዘ ሰርች» ጨርሶ አይነበብም።

ከስድስቱ ውጭ ያሉት መቼ እንደሚሆኑ ካወቅህ አይረብሹህም። «ዘ ሎስት አድቬንቸርስ» በ2011 የወጣ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ነው፤ አብዛኛው በካርቱኑ ክፍሎች መካከል የሚሆን ስለሆነ ከሁሉም በፊት ቢነበብ ያምራል። «ሱኪ አሎን» ሱኪ እስር ቤት ሳለች ነው፣ ማለትም ከሦስተኛው ምዕራፍ የእስር ቤት ማምለጫ በፊት። ስለ ቶፍ ትምህርት ቤት ለብቻው የወጣውን ግን ከ«ዘ ሪፍት» በኋላ አድርገው።

ወረቀት ወዳድ፦

ጅሬን ዳገት የተናገረው ልክ ነው። እትሙን እኔ ልጨርሰው።

አንድ ታሪክ በሦስት መልክ ይሸጣል። ነጠላ ክፍሎቹ ስስ ሽፋን ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ80 ገጽ የማይበልጡ፣ 15 በ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ኦምኒበስ ሦስቱን ክፍል በዚያው መጠን በአንድ ስስ ሽፋን ጠርዞ ያመጣቸዋል። ላይብረሪ የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ 23 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ጥራዝ ነው፤ ሦስቱም ክፍል አለበት፣ በገጹ ዳር የደራሲውና የሠዓሊዎቹ ማስታወሻ ይታተምበታል፣ መጨረሻውም ላይ ንድፎች አሉ። ማስታወሻው ኦምኒበስ ላይ የለም።

ስለዚህ «ክፍል 1» በእጅህ ካለ ኦምኒበሱን መግዛት ያንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሰው ሁለት ነጠላ ክፍል ይገዛና ሦስተኛው ሲጠፋበት ወደ ጥራዙ ይሄዳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይባክኑበታል። ነጠላ ክፍል ብለህ አትጀምር ባይ ነኝ።

ለማንበብ ከሆነ ኦምኒበስ ይበቃል። ለመሰብሰብ ከሆነ ላይብረሪ፣ ያውም ስድስቱንም በአንድ ዓይነት። የጉሪሂሩ ሥዕል ቀለሙ ንጹሕ፣ ዳራው ብዙ ነገር የተሣለበት ስለሆነ በትልቁ ገጽ ላይ ሌላ ነው። በትንሹ ያላየኸውን የቤት ጣሪያና የገበያ ሰው በትልቁ ታየዋለህ፤ እኔ ለዚህ ብቻ እከፍላለሁ።

ሻጭ ፎቶ ሲልክልህ የፊት ሽፋኑን ብቻ አትቀበል። የጀርባውን ባር ኮድ በ978 ከሚጀምረው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ጋር፣ ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ኅትመት ዝርዝር፣ ቀጥሎ ከመሐል አንድ ገጽ ከማስመሪያ ጋር ይላክልህ። ከኢንተርኔት ተወርዶ የታተመ ቅጂ በሦስት ነገር ይታወቃል፦ በንግግር ክቦቹ ውስጥ ያሉት ፊደላት ጠርዛቸው የተቆራረጠ ይመስላል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ «ላይብረሪ» ተብሎ የዳር ማስታወሻ አይኖረውም።

የአዌቱ ማዶ፦

ገላገላችሁኝ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ስድስቱን ላይብረሪ አስቤያለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አዲስ አበባ ድረስ ያደርስልኛል። ከዚያ ወዲህስ?

መናኸሪያ ሠፈር፦

ስድስቱ አብረው ከ6 ኪሎ አያንሱም፣ ስለዚህ ዘመድህን አስቀድመህ ንገረው፤ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ቀላል ድርሻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ሻንጣ ከሆኑ መሐል ላይ በጀርባቸው ይተኙ፣ ልብስ ዙሪያቸውን ይያዝ። ጠንካራ ሽፋን የሚጎዳው ማዕዘኑ ነው። ከካርቶን ሦስት ማዕዘን ቆርጠህ በአራቱም ጫፍ እንደ ኮፍያ አልብሰው፣ ከዚያ ሁለቱን ሁለቱን ፊት ለፊት አድርገህ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልል። ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ በሙቀትና በእርጥበት ወደ ሽፋኑ ይተላለፋል። ከወረቀቱ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ካርቶን። የማሸጊያ ፕላስተር መጽሐፉን በቀጥታ እንዳይነካ፤ ሲላጥ የሽፋኑን ላስቲክ ይዞ ይነሣል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ላይ ዕቃውን ፖርቶ መጋላ ላይ አታስጭን። ከሰኔ እስከ መስከረም ሸራ ቢለብስም ውኃ በገመዱ በኩል ይገባል፣ በበጋም አቧራው አለ። እግር ሥር ወይም ጭን ላይ ይምጣ። በፖስታ ከሆነ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልግሃል፤ ከውጭ በቀጥታ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የግዢውን ደረሰኝ አትመህ ያዝ፣ ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ይጠይቃል። ማስታወቂያው ሲደርስህ አትዘግይ። ደርሶ መጋዘን ውስጥ የሚቆይ ካርቶን ነው እርጥበት የሚጠጣው።

ብል ጠላቴ፦

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጅማ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አልፎ ሙቀቷ ለዘብ ያለ፣ ዝናቧ ብዙ ወር የሚዘልቅ ከተማ ናት፤ ለቡና ምቹ የሆነው ሁሉ ለሻጋታም ምቹ ነው። ሻጋታ የሚነሣው የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ለቀናት ሲቆይ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አግኝተህ መደርደሪያው ላይ አኑር፣ በግምት አትሂድ።

እነዚህ መጻሕፍት ከልብ ወለድ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹት ወረቀታቸው አርት ፔፐር ስለሆነ ነው። የሚያብረቀርቀው በላዩ የተቀባው ስስ የነጭ አፈር ሽፋን ነው። ውኃ ሲነካው ይለሰልስና ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፤ ተጣብቆ ከደረቀ አይላቀቅም፣ ብታላቅቀው ሥዕሉ ይገፈፋል። ስለዚህ ውኃ ከፈሰሰበት «ይድረቅና አያለሁ» አትበል። እርጥብ ሳለ፣ በዚያው ሰዓት፣ በየገጹ መሐል የማይጣበቀውን የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አስገባ። ጊዜ ከሌለህ በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው፤ በረዶ ከሆነ መጣበቁ ይቆማል፣ በኋላ በረጋ መንፈስ ትሠራዋለህ።

የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል ይተፋልም። መደርደሪያው ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ውጭ ከሚያየው ግድግዳና ከማድ ቤት በኩል ካለው ይልቅ በሁለት ክፍል መሐል ያለው ይሻላል። ምስጥ ካለ እግሮቹን ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁም፣ በግድግዳው ላይ የአፈር መስመር ካየህም በዚያው ቀን ጥረገው።

ለክረምት ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን እመክራለሁ፤ ግን መቼ እንደምትዘጋው ወሳኝ ነው። ሐምሌ ላይ ብትዘጋው የሐምሌን አየር አብረህ ነው የምትዘጋው፣ ውስጡ ይታፈናል። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ ብራ በሆነ ቀን ከቀትር በኋላ፣ መጻሕፍቱ ጥላ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከተናፈሱ በኋላ ይዘጋ። ፀሐይ ላይ አታውጣቸው፣ ጠንካራው ሽፋን ይጎብጣል፣ ቀዩ ቀለምም መጀመሪያ ይለቃል። 40 ሊትር ለሚይዝ ሣጥን 200 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚስብ ፍሬ) ያስፈልጋል። ከጫማ ካርቶን የምናገኘው ከረጢት ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ ሁለት ሦስቱን መጣል ምንም አይፈይድም። ቀለሙን የሚለውጠውን ዓይነት ብታገኝ፣ ብርቱካናማው አረንጓዴ ሲሆን ጠግቧል ማለት ነው፤ ፍሬውን ትሪ ላይ ዘርግፈህ 120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀው፣ እንደገና ይሠራል። ሰማያዊውን ግን ምግብ ከሚበስልበት አርቀው፣ ኮባልት አለበት። ሩዝ የሚያስቀምጡ አሉ፤ የሚስበው ጥቂት ነው፣ ነቀዝ ደግሞ ይጠራል። ከሰልም ጥቀርሻው ገጹን ያቆሽሻል።

ሻጋታ ካየህ መጀመሪያ መጽሐፉን ከሌሎቹ ለይ። ማስክ አድርገህ፣ ደጅ ወጥተህ፣ ደረቅ ከሆነ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ጥረግ። በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ሻጋታውን ወደ ወረቀቱ ማስገባት ነው። በረኪና ፈጽሞ አይነካው። ላስቲክ በተለበደው ሽፋን ላይ ብቻ በ70 በመቶ አልኮል የራሰ ጥጥ በስሱ ማለፍ ይቻላል።

ጅሬን ዳገት፦

ብል ጠላቴ ስሙን የወሰደለትን ነፍሳት ረሳው። ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተበላ ወረቀት ካየህ ብል ነው፣ ሙጫውንም ይበላል። አሮጌ መጽሐፍ ከገዛህ ሳታደባልቀው አየሩ በወጣለት ላስቲክ አሽገህ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየው። ስታወጣው አንድ ሙሉ ቀን ሳትከፍት ተወው፤ ወዲያው ከከፈትከው ጤዛው ገጹ ላይ ያርፋል፣ ያ ደግሞ ከላይ የተባለውን መጣበቅ ያመጣል።

መደርደሪያውን ለአናጢ ስታዝዝ ቁመቱ ከውስጥ 33፣ ጥልቀቱ 26 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ግን በደንብ የደረቀ መሆኑን አረጋግጥ፤ እርጥብ ጣውላ ወራት ሙሉ እርጥበቱን ወደ መጽሐፉ ይተፋል። ቫርኒሽ ከተቀባ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ሦስት አራት ሳምንት ባዶውን ይቆይ። ከኋላው ጣውላ አታስመታ፣ አየር ይለፍ። ስድስቱ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ሳይላሉ ሳይጨናነቁም፤ እንዲህ የከበደ ጥራዝ ካዘነበለ ገጾቹ በክብደታቸው ከጀርባው ሙጫ ይነቀላሉ።

ወረቀት ወዳድ፦

አንዲት ነገር ልጨምር። አዲሱን ጥራዝ መጀመሪያ ስትከፍት መሐሉን አትገልብጠው፣ ሙጫው ይሰነጠቃል። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ከፊት አሥር ገጽ፣ ከኋላ አሥር ገጽ እያልክ በጣትህ ቀስ ብለህ እየተጫንክ ወደ መሐል ሂድ። በብርድ ጠዋት አይሁን፣ ያን ጊዜ ሙጫው ደረቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል።