የዓመት ፈቃድ ለጥር፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ሰላም ለቤቱ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ጥር ላይ ባሕር ዳር የወንድሜ ሠርግ አለ፤ ጥምቀትንም እዚያው ማክበር ፈልጌያለሁ። ሦስት ሳምንት ፈቃድ ብጠይቅ ሱፐርቫይዘሬ "ከሁለት ሳምንት በላይ አይሆንም፣ ያልተጠቀምሽበትም ዲሴምበር 31 ይቃጠላል" አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምኩት ፒቲኦ (ክፍያ ያለው የዕረፍት ሰዓት) እኮ የራሴ ነው! ሕጉ ምን ይላል? እማዬም ጤናዋ ብዙም ደህና ስላልሆነ ለእሷም ቀን ማስቀረት አለብኝ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አሜሪካ ሳለሁ ሥራዬ የሠራተኞችን ፈቃድ መከታተል ነበር። አሁን አገሬ ገብቼ ጣና ዳር ባለ ሆቴል ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የማያስደስተውን ልንገርሽ። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ ስጡ ብሎ አሠሪን አያስገድድም። እዚህ የማስተናግዳቸው ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት አላቸው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ በዛ ተብሎ ቢተላለፍ እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም። አገር ቤት ሠርቶ የሄደ ሰው ይህን ለምዶ ስለሚሄድ "መብቴ ነው" ብሎ ይከራከራል። እዚያ ግን መብትሽ ያለው ስትቀጠሪ ፈርመሽ የተቀበልሽው ሃንድቡክ (የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች መመሪያ) ላይ ነው። ዛሬውኑ አውጥተሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ወደሚቀጥለው ዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሻገር እዪ። ዲሴምበር 31 እኛን ነው በተለይ የሚጎዳው። የእኛ ገናና ጥምቀት የሚውሉት ከጃንዋሪ 1 በኋላ ነው። ለጥር ብለሽ የቆጠብሽው በአንድ ሌሊት ዜሮ ይገባና በዓሉ ሲደርስ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ካሊፎርኒያ ብትሆኚ የተጠራቀመ ቫኬሽን እንደ ደመወዝ ስለሚቆጠር ማቃጠል ክልክል ነው። ሜሪላንድ ግን ነገሩን ለአሠሪው ፖሊሲ ይተወዋል። ስለዚህ "ይሻገርልኝ" የሚለውን ጥያቄ ኅዳርን ሳትጠብቂ በጽሑፍ አስገቢ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ገና ያልተጠራቀመ ሰዓት ያበድራል፤ ይህንንም ጠይቂ።

ጥር ለእኛ የሚጠቅምበትም መንገድ አለ። ፈረንጆቹ ሁሉ የሚሻሙት ታንክስጊቪንግንና ዲሴምበር 25ን ነው። ሺፍት የሚያወጣ ሰው ራሱን የሚያዞረው ያኔ ነው። እንዲህ ብለሽ ኢሜይል ጻፊላት፦ "በታንክስጊቪንግና በዲሴምበር 25 ሳምንት ሙሉ ሺፍት እሸፍናለሁ። በምትኩ ከጃንዋሪ 8 እስከ 28 ፈቃድ እጠይቃለሁ። የሚተካኝን ሰውም አነጋግሬያለሁ።" ፈቃድ ሳጸድቅ በኖርኩበት ጊዜ ከሁሉ ቶሎ እሺ የሚባለው እንዲህ ያለው ነበር። ምክንያቱንም አስረጃት። ሠርግ ለእሷ የአንድ ቅዳሜ ጉዳይ ነው፤ መልሱንና ቅልቅሉን ከየት ታውቃለች? ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል በረራ እንደሆነ፣ ከዚያም ሌላ አውሮፕላን እንዳለ ንገሪያት። ሁለት ሳምንት ከሆነ መንገዱና ድካሙ ቀኑን ይበላዋል።

ጥምቀት የሚውልባት ዕለት ብቻ ብትሆን ኖሮ ሌላ መንገድ ነበረሽ። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሃይማኖት በዓል ፕሮግራም ማመቻቸት አለበት፤ የ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔም እምቢ ማለትን አክብዶበታል። ለሦስት ሳምንት ጉዞ ግን አይሆንሽም።

ደግሞ የቃል "እሺ" ይዘሽ ትኬት አትቁረጪ። ሱፐርቫይዘር ይቀየራል፣ ኢሜይል ግን ይቀራል።

አሁን ወደ እማዬ እንምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ብዙ ሰው ፒቲኦውን በሠርግ ይጨርስና እናቱ ስትታመም "ምንም የለኝም" ብሎ እዚያው ሆኖ ያለቅሳል። ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባለውን የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ እወቂው። አሠሪሽ በ75 ማይል ዙሪያ 50 ሠራተኛ ካለው፣ አንቺም 12 ወር ከቆየሽና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ከሠራሽ፣ በጠና የታመመች እናትሽን ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት ትወጫለሽ። ክፍያ የለውም፤ ሥራሽና የጤና ኢንሹራንስሽ ግን ይጠበቃሉ። ፒቲኦ ካስቀረሽ በዚያው ጊዜ ልትጠቀሚበት ስለምትችይ ክፍያ ታገኛለሽ። ለዚህ ነው ሁሉንም ለሠርጉ አታውጪ የምልሽ።

እናትሽ ባሕር ዳር መሆኗ አያግድሽም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያለ ሐኪም የሚሞላው ማስረጃ እዚያ ተቀባይነት አለው። ሌላም ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። ያሳደገችሽ አክስትሽ ወይም አያትሽ ብትሆን እንኳ በልጅነትሽ እንደ እናት ሆና ካሳደገችሽ በዚህ ሕግ እንደ እናት ትቆጠራለች። ወንድምና እህት፣ አማትም ግን አይካተቱም። ለለቅሶም አይሠራም። እዚህ አዋጁ ወንድም ወይም እህት ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው ይሰጣል፤ የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ግን ለሐዘን የሚለው ነገር የለም።

ከለንደን

እኛ ጋ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው 28 ቀን በሕግ አለ፣ ባንክ ሆሊዴይን (የሕዝብ በዓላትን) ጨምሮ። ውሉ ሌላ ካላለ የፈቃዱን እጥፍ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሦስት ሳምንት የፈለገ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይናገር። አለቃው ግን ጊዜው አይመቸኝም ማለት ይችላል፤ ፈቃድ አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ።

ከፍራንክፈርት

ጀርመን ያላችሁ፣ አገር ቤት ፈቃድ ላይ ሆናችሁ ብትታመሙ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ወረቀት ያዙ፤ ለአሠሪያችሁም ወዲያው አሳውቁ። የታመማችሁበት ቀን ከዓመት ፈቃዳችሁ አይቀነስም። ስትመለሱ ማስረዳት ግን ከባድ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ኢሜይሉን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። የእማዬ ወረቀት በአማርኛ ቢሆንስ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

አሠሪሽ ከጠየቀ ትርጉም የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። የሚሻለው ግን የአሜሪካ የሥራ መምሪያን ቅጽ መጠቀም ነው፤ ስሙ ደብሊው ኤች 380 ኤፍ ይባላል። ሐኪሞቻችን የሕክምና ወረቀት የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አይቸገሩም። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል፣ አስታማሚ ለምን እንደሚያስፈልጋት መሞላቱን አረጋግጪ። አሠሪሽ ማስረጃ አምጪ ካለሽ በኋላ ቢያንስ 15 ቀን ሊሰጥሽ ይገባል። ቅጹን በቴሌግራም ለወንድምሽ ላኪለትና ስልኩ ላይ ይያዘው፤ ካስፈለገ አትሞ ወደ ሐኪሙ የሚወስደው እሱ ነው።