ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ሶኬት የትኛው ቦክስ ይሻላል? ጥቆማ ስጡኝ

አዲስ ቤት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛን። የምናስቀምጥበት ቦታ ውሃ አለው፣ ሶኬት ግን የለውም። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቦክስ ይሻላል ወይስ ላዩ ላይ የሚታሰር? ፕላስቲክ ወይስ ብረት? ለጊዜው በኤክስቴንሽን እየሰራሁ ነው። የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

የልጆች እናት፦ እህቴ፣ ኤክስቴንሽኑን ተይው! እኔም እንደዚያ ነበር የማጥበው። አንድ ቀን በሙቅ ውሃ እያጠበ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ሮጬ ስደርስ ሶኬቱ ቡኒ ሆኗል፣ አንዱ ቀዳዳ እንደ ማስቲካ ተስቧል። እጄን ጠጋ ሳደርግ ይፋጃል። ብሬከሩን አወረድኩት። ትንሿ ልጄ እዚያው አጠገብ ነበር የምትጫወተው። ሳስበው አሁንም ልቤ ይመታል።

ጎረቤት፦ እሰይ እንኳን ተረፋችሁ! ግን ብሬከሩ ራሱ ለምን አልወረደም?

ሽቦ ዘርጊ፦ ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ብዙ ጊዜ 2000 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይመጣል። ለ16 አምፔር ብሬከር ይሄ ጤነኛ ጭነት ነው። የላላ መገናኛ ግን በዚያው 9 አምፔር ይግላል። ብሬከሩ ሙቀቱን አያይም።

ጎረቤት፦ እንግዲያው ስታቢላይዘር ትግዛ። የኛን ፍሪጅ ያተረፈው እሱ ነው።

ቀጥታ፦ ኧረ በናታችሁ፣ የጠየቀችው ስለ ቦክስ ነው! ስታቢላይዘር የላላ ብሎን አያጠብቅም።

ታማኝ ደንበኛ፦ እኔ ቤት የሚሰራው ልጅ ሁሌም ላዩ ላይ ነው የሚያስረው። እሱ ካለ አለ ነው። ሌላ ሰው አላስነካም።

ሽቦ ዘርጊ፦ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ አስገብቶልሃል?

ታማኝ ደንበኛ፦ ከፍቼ አላየሁም። ግን አምነዋለሁ።

ሽቦ ዘርጊ፦ ወንድሜ፣ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ኧርዙን አስለካው። ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፦ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ይቀበር። ጠለቅ ያለውን ምረጪ፣ 47 ሚሊሜትር የሚገባ አለ። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ደረቅ ነው፤ ጠባብ ቦክስ ውስጥ በግድ ሲታጠፍ ብሎኑን ይጎትታል፣ መላላቱ ከዚያ ይጀምራል። ኮንክሪት ኮለን ከሆነ ግን አታስቆርጪ፣ ፌሮ ሊነካ ይችላል። ላዩ ላይ ይታሰር። ፕላስቲክ እርጥበት ያለበት ቦታ አይዝግም። ብረት ከሆነ ቦክሱም ራሱ ኧርዝ ይፈልጋል። መስመሩ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው ይምጣ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያም ይግባበት።

ቀጥታ፦ ቦታውንም ጨምርበት። ከቧንቧው ሥር አይሁን። ከማሽኑ ጀርባም አይሁን። ጎን ለጎን፣ ከፍ ብሎ፣ ክዳን ያለው። ቱቦው ቢፈነዳ ማሽኑን ሳትጎትቺ መንቀል አለብሽ።

አዲስ ቤት፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ባለቤቴ ግድግዳውን እያንኳኳ ነው፣ ብሎኬት ይሁን ኮንክሪት አልለየንም። ማሽኑ ሲጨምቅ ግን ለምንድነው ከቦታው የሚሄደው?

ጎረቤት፦ እግሮቹ እኩል አይደሉም ማለት ነው። በውሃ ልክ አስተካክይው። የማጓጓዣ ብሎኖቹንስ ከጀርባው አውጥታችኋል?

የልጆች እናት፦ እሱ ይደርሳል። ኤክስቴንሽኑን ነቀልሽው?