ለቅዳሜ ክፍል ግድግዳ የዴይተን ልጆች ሥዕል (ዕቅድ፣ 600 ዶላር)

ፀሐፊ፦ ከበዓሉ ትኬት የተረፈው 600 ዶላር ዝም ብሎ ተቀምጧል። ልጆቹ ፊደል በሚቆጥሩበት ክፍል እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ የተወለዱ ሰዎችን እንስቀል። እነሱም እዚሁ ነው የተወለዱት። ኦርቪል ራይት (1871)፣ ወንድሙ ዊልበር፣ ገጣሚው ፖል ሎውረንስ ደንባር (1872)፣ ተዋናዩ ማርቲን ሺን (1940)፣ ሯጩ ኤድዊን ሞዝስ (1955)። ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ ደግሞ በሱ እንዳትጣሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ 600 አይደለም፣ 540 ነው። ጽዳቱ ተከፍሏል። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ።

የሳሚ እናት፦ ኅትመቱን ለኔ ተዉት። የማውቀው ሰው አለ።

የቤቲ አባት፦ ዊልበር ዴይተን አልተወለደም። ኢንዲያና ነው፣ 1867። ይውጣ።

ፀሐፊ፦ አውሮፕላኑን የሠሩት እኮ ሁለቱም ናቸው! ኦርቪልን ብቻውን ልስቀለው?

የቤቲ አባት፦ «የተወለዱ» ያልከው አንተ ነህ። እንደ ካርታው እንዳንዋረድ ብዬ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ካርታውን አታንሱብኝ።

አንጋፋው፦ ዊልበር እዚህ አደገ፣ እዚህ ሠራ፣ 1912 እዚሁ ሞተ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግላችሁ? እኔም ዴይተን አልተወለድኩም። ከማኅበሩ ልውጣ?

የቤቲ አባት፦ ጋሼ፣ የርስዎ ሌላ ነው።

አንጋፋው፦ ምኑ ነው ሌላ?

ወጣቱ፦ ደንባርን ያየው ሰው የለም? የኦርቪል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ጋዜጣውን ያተመለት ኦርቪል ነው። ከዚያ ሥራ ሲያጣ አሳንሰር ላይ ተቀጠረ። የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን እዚያው ለሚወጣ ለሚወርደው ሰው በአንድ ዶላር ሸጠ። ለልጆች የሚነገር ይሄ ነው።

የቤቲ አባት፦ ጥሩ። ዊልበርስ ምን ተወሰነ?

ፀሐፊ፦ በቃ፣ እኔ ወጥቻለሁ። ራሳችሁ ጻፉት።

የሌሊት ፈረቃ፦ አሁን ከሥራ ገባሁ፣ 47 መልእክት። ለዊልበር ነው ይሄ ሁሉ? ስሙኝማ፣ ሞዝስ 1976 ሞንትሪያል ወርቅ ሲወስድ እኛ ከአፍሪካ አገሮች ጋር ቀርተን ነበር። 1980 ሞስኮ ምሩጽ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ ደግሞ አሜሪካ ቀረች። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀሉ።

የቤቲ አባት፦ ምሩጽ ዴይተን ነው የተወለደው?

አንጋፋው፦ 😂 ይሄ ሰውዬ ይገድለኛል። ምሩጽ ይግባ።

የቤቲ አባት፦ እሺ ይግባ። ርዕሱ ግን ይቀየር።

ፀሐፊ፦ ተመልሻለሁ። የተሻሻለው፦ ርዕሱ «ዴይተንና ሩጫ»። ሥዕል ሁለት፣ ሞዝስና ምሩጽ። በቀረው ለልጆቹ ቲሸርት፣ አንድ ቅዳሜ መናፈሻው ውስጥ እናስሮጣቸዋለን። የሳሚ እናት፣ የኅትመቱ ዋጋ ስንት ሆነ?

ፀሐፊ፦ የሳሚ እናት?

ገንዘብ ያዥ፦ ቲሸርት ከገባ 540 አይበቃም። በወላጅ 10 ዶላር ይዋጣ።

ወጣቱ፦ ደንባርስ?

የቤቲ አባት፦ ቀለሙ ምንድነው? ያምናው ቢጫ ገና አንዴ ሲታጠብ ለቋል።