ኪራይ ቤት ነኝ፣ ግድግዳ ሳልነካ የመብራቱን ነገር እንዴት ላስተካክል?

ተከራይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። ኪራይ አፓርታማ ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፣ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው። ውሉ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር መንካት፣ ግድግዳ መብሳት፣ ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ክልክል ነው ይላል ስለዚህ እሱን እርሱት። ችግሬ እንዲህ ነው፣ የመኝታ ቤቱ ማብሪያ በሩ ጋ ነው አልጋው ደሞ ሌላኛው ጥግ ላይ፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ማታ ሽንት ቤት ስትነሳ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው፣ ትወድቃለች ብዬ እንቅልፍ የለኝም። ሳሎን ያለው የኮርኒስ መብራት ደሞ ነጭና ኃይለኛ ነው፣ መቀነስ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ቦግ ብሎ ይበራል ወይ ጨለማ ነው። አንድ የቁም መብራት አለኝ ግን ሶኬቱ ሶፋው ጀርባ ስለሆነና መብራቱ የራሱ ማብሪያ ስለሌለው ባበራሁና ባጠፋሁ ቁጥር መንበርከክ ነው። ስማርት አምፖል ግዢ የሚሉኝ አሉ ግን ዋይፋያችን ይቆራረጣል፣ መብራትም አልፎ አልፎ ይሄዳል፣ እናቴ ደሞ ስልኳን ለመደወል ካልሆነ አትነካውም። ቀላል ነገር የምታውቁ ንገሩኝ፣ ቤቱን ስንለቅ ይዘነው የምንሄደው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ሰላም እህቴ። ግድግዳው የባለቤቱ ነው፣ ከሶኬቱ ወዲህ ያለው ግን ያንቺ ነው፣ ገመዱ፣ መብራቱ፣ አምፖሉ። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን በሙሉ ወደዛ አምጪው። ለቁም መብራትሽ ቀላሉ ነገር ገመዱ መሀል ላይ የሚገባ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ላይ እንዲውል ለክተሽ ታስገቢዋለሽ፣ በእግር የሚረገጥም አለ። ገመድ መቁረጥ ካልፈለግሽ ማብሪያ ያለው ማራዘሚያ ግዢና መብራቱን እሱ ላይ ሰክተሽ ማራዘሚያውን በሶፋው ጎን አውጪው፣ አለቀ። የምትቆርጪ ከሆነ ግን መብራቱን ከሶኬት ነቅለሽ ነው፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ደሞ ፕለጉ ተገልብጦም የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ሁለቱንም ሽቦ የሚያቋርጥ ማብሪያ ፈልጊ፣ ምክንያቱም አንዱን ብቻ የሚያቋርጥ ከሆነና ፕለጉ ተገልብጦ ከተሰካ መብራቱ ጠፍቶም አምፖሉ የሚገባበት ላይ ኤሌክትሪክ ይቀራል፣ አምፖል ስትቀይሪ ይይዝሻል። አረንጓዴና ቢጫ የሆነ ሦስተኛ ሽቦ ካለው እሱ ሳይቆረጥ ነው የሚያልፈው። ይሄን ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጪው፣ ትንሽ ሥራ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
የእናትሽን ጉዳይ እኔ ልመልስ፣ እኔም ቤት ትልቅ ሰው ስላለ ብዙ አስቤበታለሁ። ለሳቸው የሚሻለው ምንም የማይጫኑት ነገር ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት አለ፣ በባትሪ ወይ ቻርጅ ተደርጎ የሚሠራ፣ ጀርባው ማግኔት ወይም የሚለጠፍ ነገር ያለው፣ ሚስማር አይፈልግም። ዋናው ቁም ነገር የት ነው የምትለጥፊው የሚለው ነው። ዓይን ከፍታ ላይ አታድርጊው፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ዓይን ላይ ቦግ ሲል ለአፍታ ምንም አያሳይም፣ ይባስ ይደናገራሉ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ወይም አልጋው ጠርዝ ስር ወደ ታች እንዲያበራ አድርጊው፣ እግራቸው የሚያርፍበትን እስካሳየ በቂ ነው። ሴንሰሩ ደሞ የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው የሚያየው፣ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ወደሱ የሚመጣን ሰው ዘግይቶ ያያል፣ በጎን የሚያልፍን ግን ወዲያው ይይዛል። ስለዚህ አንዱን አልጋው ጎን እግራቸውን ሲያወርዱ እንዲያይ፣ ሌላውን ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ጎን ላይ አድርጊ። አልጋው ላይ ሲገላበጡ ሁሉ የሚበራ ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርጊው ወይም የሴንሰሩን ግማሽ በፕላስተር ሸፍኚው። ቀለሙ ቢጫማ ይሁን፣ ነጩ እንቅልፍ ያባርራል። መብራት ቢሄድም ባትሪ ስለሆነ ይሠራል፣ ለናንተ ቤት ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ተከራይዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ የሌሊት ተረኛ፣ አልጋው ስር የሚለው ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ግን እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና የራስጌ መብራቷንም ማብራት ብትችል ደስ ይለኛል፣ አንዳንዴ መድኃኒት ስትፈልግ ያስፈልጋታል።

ሰማያዊ በር፦
ለዛ በሪሞት የሚሠራ ሶኬት ነው መፍትሄው። ሶኬቱ ላይ ትሰኪዋለሽ፣ የራስጌ መብራቱን እሱ ላይ፣ ሪሞቱን አልጋው አጠገብ። ዋይፋይ የለው፣ አፕ የለው፣ ስልክ የለው፣ በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው (ብዙዎቹ 433 ሜጋኸርዝ ናቸው) ስለዚህ ሪሞቱን ወደ መብራቱ ማነጣጠርም አያስፈልግም፣ ግድግዳም ያልፋል። የመብራቱ የራሱ ማብሪያ ሁሌ በርቶ መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ ሪሞቱን ብትጫኚውም ምንም አይመጣም፣ ሰው ሁሉ ተበላሸ ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ሪሞት ምረጪና የሳቸውን ቁልፍ ላይ በጨለማ በጣት የሚታወቅ ነገር ለጥፊበት፣ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ፕላስተር ይበቃል። ሪሞቱንም ራሱን ራስጌው ላይ በሚለጠፍ ቬልክሮ ያዢው፣ ካልሆነ አልጋ ስር ይገባል። አንዳንዱ ሶኬት መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚቆየው፣ ሲገዛ መጠየቅ ጥሩ ነው። ጎረቤት ተመሳሳይ ዕቃ ካለው የሱ ሪሞት ያንቺን ሊያበራ ስለሚችል ኮዱ የሚቀየር ይሁን።

ቴክ ወዳጅ፦
እኔ ግን ስማርት አምፖልን ባትጥይው እላለሁ። ዋይፋይ ተቆራረጠ ማለት አምፖሉ አይሠራም ማለት አይደለም። ዚግቢ የሚባለውን ብትወስጂ ከራሱ ትንሽ ማዕከል ወይም ከሪሞቱ ጋር ነው የሚነጋገረው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ቁልፉን ስትጫኚ ይበራል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል ቀለሙም ይቀየራል። እናትሽ ስልክ መንካት የለባቸውም፣ በባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ ቁልፍ አብሮ ይገዛል፣ የፈለግሽበት ትለጥፊዋለሽ። የዋይፋዩን ዓይነት ከወሰድሽ ግን ብዙዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት፣ ስልክሽ 5 ላይ ሆኖ አልገናኝ ካለሽ እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2022 ማተር የሚባል የጋራ ስታንዳርድ ወጥቷል፣ ካርቶኑ ላይ እሱ ካለ የተለያየ ካምፓኒ ዕቃ አብሮ ለማሠራት ይቀላል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ቴክ ወዳጅ ያልከው ልክ ነው ግን ሁለት ነገር ሳትነግራት እንዳታልፍ። አንደኛ ስማርት አምፖል ሁሌ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በልማድ የግድግዳውን ማብሪያ ካጠፋው አምፖሉ በቃ የለም፣ ቁልፉም አፑም ዋጋ የላቸውም። ትልልቅ ሰዎች ደሞ ማታ ማብሪያውን ማጥፋት የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ወይ የግድግዳው ማብሪያ ላይ የሚለጠፍ ክዳን ታደርጊበታለሽ ወይ ስማርቱን የራስጌውና የቁም መብራቱ ላይ ብቻ ትጠቀሚዋለሽ፣ ኮርኒሱን ትተይዋለሽ። ሁለተኛ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙዎቹ በሙሉ ብርሃን ነው የሚበሩት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ ማለት ቤቱ ሁሉ ቦግ ይላል። አፑ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፣ «እንደነበረው» የሚለው ላይ አድርጊው። ያ ምርጫ የሌለውን አምፖል መብራት የሚሄድበት ቤት አታስገቢ።

ሳሎኔ፦
የሳሎኑን ማንም አልመለሰም፣ ለኔ ግን ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፣ አምፖሉን ቀይሪው። አምፖል መቀየር መስመር መንካት አይደለም። ካርቶኑ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚናገር ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ፣ ያንቺ ኮርኒስ ላይ ያለው 6500 አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፣ 2700 ወይም 3000 ስታደርጊው ክፍሉ ሌላ ክፍል ይመስላል። ዋት አትይ፣ ሉመን እይ፣ የብርሃኑ መጠን እሱ ነው፣ የድሮው 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ነበር፣ አሁን ያንን የሚሰጠው ኤልኢዲ 8 ወይም 9 ዋት ነው። ለቁም መብራት 450 አካባቢ ለማታ በቂ ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ደረጃ ያለው ኤልኢዲ አምፖል አለ፣ በዛው በግድግዳው ማብሪያ አጥፍተሽ ቶሎ ስታበሪው ብርሃኑ ይቀንሳል፣ እንደገና ስታደርጊ የበለጠ ይቀንሳል፣ አፕ የለ፣ ሪሞት የለ፣ ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) የለ። ለኪራይ ቤት የተሠራ ነው የሚመስለው! ማስታወስ ያለብሽ የኮርኒሱ መብራት ዙሪያውን የታሸገ ሽፋን ካለው ኤልኢዲ ሙቀት ስለማይወድ ዕድሜው ያጥራል፣ ለታሸገ ቦታ ይሆናል የሚለውን ግዢ። የባለቤቱን አምፖል ደሞ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፣ ስትለቂ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ።

ተከራይዋ፦
ሳሎኔ በጣም ነው የማመሰግነው፣ ይሄ ደረጃ ያለው ያልሽው አምፖል ሰምቼም አላውቅም። ለቁም መብራቱ ግን ገመዱ ላይ የሚገባ ዲመር አይቻለሁ፣ እሱ አይሻልም? እየዞረ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ነገር እወዳለሁ።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ይሻላል፣ ግን አምፖሉ ካርቶን ላይ ዲም ይደረጋል የሚል ጽሑፍ ካለው ብቻ። ከሌለው ይርገበገባል፣ ይጮሃል፣ ቶሎ ይቃጠላል። ዲመሩም ለኤልኢዲ የሚሆን ይሁን፣ የድሮዎቹ የተሠሩት ለ40 እና 60 ዋት አምፖል ስለሆነ 5 ዋት ስትሰጪያቸው ከዝቅተኛ መጠናቸው በታች ይሆንና ዝቅ ስታደርጊው ብልጭ ድርግም ይላል። ሳሎኔ ያለችውን ደረጃ ያለው አምፖል ወይም ስማርት አምፖል ዲመር ላይ አታድርጊ፣ እነሱ ውስጣቸው የራሳቸው መቀነሻ አላቸው፣ ሁለቱ ይጣላሉ። ከሁለት አንዱን ነው የምትመርጪው።

ሰማያዊ በር፦
መሀል ልግባና፣ የኔ የኮርኒስ ኤልኢዲ አጥፍቼውም ማታ ድብዝዝ ብሎ ያበራል፣ ምንድነው?

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ማብሪያህ ላይ በጨለማ የምትታይ ትንሽ መብራት አለችው? ካለችው በሷ በኩል የምታልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት፣ ኤልኢዲ በጣም ጥቂት ስለሚበቃው ያሳያታል። ሌላ ብራንድ አምፖል ብትሞክር ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ማብሪያው መብራት ከሌለው ግን አከራይህን ንገረው፣ ማብሪያው የተገጠመው በተሳሳተው ሽቦ ላይ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

የሌሊት ተረኛ፦
ለሳሎኑ በሰዓት የሚያበራውን ታይመር መርሳት የለብንም፣ ሲመሽ ራሱ እንዲበራ ከፈለግሽ። በእጅ የሚዞረው ሜካኒካል ታይመር ዙሪያው ያሉት ጥርሶች እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ናቸው፣ ቀላል ነው፣ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል፣ ሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። ለናንተ ቤት ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታሉ ነው የሚሆነው። ደሞ ሪሞት ሶኬትም ሆነ ታይመር ለመብራት የተገዛ ላይ ማሞቂያ ወይም ካውያ እንዳይሰካበት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አምፔር እዩት፣ አምፖል ምንም አይወስድም፣ ማሞቂያ ግን ያቀልጠዋል።

ተከራይዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እንግዲህ ለእናቴ አልጋ ስርና መተላለፊያው ላይ የሚበሩትን፣ ራስጌዋ ላይ ሪሞት ሶኬቱን፣ ሳሎን ኮርኒስ ላይ ደረጃ ያለውን አምፖል፣ የቁም መብራቱ ላይ ዲመር ከሚስማማው አምፖል ጋር አደርጋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የቁም መብራቱን ገመድ ምንጣፍ ስር ባሳልፈው ችግር አለው? እናቴ እንዳያደናቅፋት ነው።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ምንጣፍ ስር አይሆንም፣ ሲረገጥ ልባሱ ያልቃል፣ ሙቀቱም አይወጣለትም፣ እሳት የሚነሳው እንደዚህ ነው። በግድግዳው ግርጌ ጠርዝ ጠርዙን አስኪጂው፣ የሚለጠፍ የገመድ መያዣ አለ። ከመለጠፍሽ በፊት ቦታውን በአልኮል ጠርገሽ አድርቂው፣ አለዚያ በሳምንቱ ይወድቃል። ስትለቂ ወደ ራስሽ አትንጪው ቀለሙን ይዞ ይመጣል፣ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቂውና ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው።